አስፋልቱ ገና ሚስት አላገባም

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየወጣን ነው። አጠገቤ ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንደኛው አሜሪካ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ለእረፍት የመጡ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው። ሌላው ስልኩ ላይ ኮምፓስ ያለው ጎረምሳ ነው። ከኮምፓሱ ሌላ ማስረጃም አልነበረውም።

ነገሩን የጀመሩት ሰውዬው ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ዋይትቪል የምትባል ከተማ አለች አሉ። እዚያ አጠገብ አውራ ጎዳና 77 እና 81 ለጥቂት ማይል በአንድ አስፋልት ይሄዳሉ። ታፔላው «77 ሰሜን» ይላል። ከጎኑ ደግሞ «81 ደቡብ» ይላል። መኪናው ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው የሚነዳው።

ረዳቱ ሳቀ። ጎረምሳው አልሳቀም። «ታፔላውን የሰቀለው ሰው ሰክሮ ነበር» አለ።

«አልሰከረም። 77 ከደቡብ ካሮላይና ተነስቶ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ይገባል። 81 ከቴነሲ ተነስቶ ኒውዮርክ ላይ የካናዳን ድንበር ይነካል። ታፔላው የሚነግርህ የመንገዱን ጠቅላላ ጉዞ ነው። ነገ 81ን በሌላ በኩል ቢያዞሩት፣ አንድ ጠጠር ሳይነሳ 'ደቡብ' የሚለው ይወርድና ያው አስፋልት ሰሜን ብቻ ሆኖ ያድራል። አገርህ የት ነው ቢሉት፣ ገና ሚስት አላገባሁም አለ አሉ!»

«ሰሜን ሰሜን ነው። ኮምፓስ አይዋሽም።»

ይቺኑ ነው የደጋገማት፣ ድምፁን ብቻ እየጨመረ። ሚሺጋን ላይ 69 ቁጥር እስከ ላንሲንግ ድረስ ሰሜን ተብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ምሥራቅ እንደሚባል ሲነገረው «አያችሁ፣ ታረመ!» ብሎ ጮቤ ረገጠ። እሺ፣ ይቺን እንስጠው። እንግዳ ሾፌር በዚያኛው ታፔላ ግር ሊለው ይችላል።

ደሴ መግቢያ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሐረጎ ላይ ስንደርስ ግን አለቀለት። ስልኩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይዟል። አንዱን ኩርባ ስንዞር ቀስቷ ምዕራብ አለች። ቀጣዩ ላይ ደቡብ አለች።

«ይሄ የመቀሌ መንገድ ነው አይደል?» አሉ ሰውዬው። «ታዲያ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን እንዴ?»

«ስልኩ ካሊብሬት አልተደረገም፣ ጋሼ።»

«ገና ሚስት አላገባሁም ነው የሚልህ!»

ሚኒባሱ በሙሉ ፈነዳ። ወላሂ፣ ሾፌሩ ሳይቀር።

እኔ ከሰውዬው ጋር ነኝ። ያለበትን ኩርባ ብቻ አይቶ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ልወስን የሚል ሰው፣ ሐረጎን እንኳ ሳይጨርስ አሥር ጊዜ አገር ይቀይራል። ደሞ ይሄ የጎረምሳው ብቻ መሰላችሁ? ዘመኑ ነው። ዛሬ «ገና ሚስት አላገባሁም» ቢሉት ማን ይሰማል? አገርህ የት ነው ብሎ የሚጠይቀው ሁሉ መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣ። በዚህ በወሎ፣ አንዱ ቤት ኢድም ፋሲካም በሚበላበት አገር፣ ሰው እንደ ታፔላ አንድ ቀስት ካልተሰቀለበት አይታመንም። መታወቂያ ላወጣ ሄጄ ጸሐፊዋ «ብሔር?» አለችኝ። አባቴ ከቦረና፣ እናቴ ከባቲ፣ አያቴ ደግሞ ብዬ ስጀምር እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ጋሼ፣ አንዱን ይምረጡ እንጂ። ሰልፉን አያዩም?»