ተኝቶ ያየው ፊልም

የእህቴ ልጅ ጥያቄ አጭር ነበር። «አጎቴ፣ ዛሬ ማታ ምን ልይ? ቀለል ያለ ሳይፋይ ካለህ» አለችኝ፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ማለቷ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ሪሞቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መልስ ትጠብቃለች።

አፌን ሳልከፍት ወዳጄ ቀደመኝ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ። ወንበር ወደ ፊት የሚስብ ሰው ቶሎ እንደማይጨርስ ከልምድ አውቃለሁ። «ሳይፋይ ካልሽማ» አለ፣ «ፕራይመርን ሳታዪ ሳይፋይ አየሁ እንዳትዪ። የግድ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይሄን ፊልም ለዚህ ሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሳሎን፣ እዚሁ ሶፋ ላይ። ፊልሙ 77 ደቂቃ ነው። በ20ኛው ደቂቃ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣል አደረገ። በ25ኛው ማንኮራፋት ጀመረ። መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ስም ሲወጣ ነቃና ዓይኑን እያሻሸ «ጥሩ ነው፣ ግን ረዘመ» አለኝ። ረዘመ! ሃምሳ ደቂቃውን ተኝቶ ረዘመ! ቂም መያዝ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን ይዤዋለሁ፤ በደንብ አድርጌ ነው የያዝኩት።

ይባስ ብሎ «አንዴ አይቶ የሚገባው ሰው የለም፤ ሁለቴ ማየት አለብሽ» አላት። ይቺ አባባል የኔ ናት። ያን ዕለት ከእንቅልፉ ሲነቃ ላጽናናው ብዬ ያልኳት ናት። ፊልሙ ያለበትን ፍላሽም ወስዶ አልመለሰልኝም። ፍላሼን ወሰደ፣ ንግግሬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ተራዬን ወሰደ።

የምናደደው ፊልሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እወደዋለሁ። ሼን ካሩት የሚባል፣ ቀድሞ የሶፍትዌር መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው የሠራው። ጻፈው፣ አዘጋጀው፣ ተወነበት፣ አቀናበረው፣ ሙዚቃውን ሳይቀር ራሱ ሠራ። የወጣው ገንዘብ 7,000 ዶላር ገደማ ነው። በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። ሁለት መሐንዲሶች ጋራዥ ውስጥ ሌላ ነገር ሲነካኩ ሳያስቡት በጊዜ ወደ ኋላ የሚወስድ ሣጥን ይሠራሉ። ከዚያ ወዲያ ማን የትኛው ማን እንደሆነ ለመለየት ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል። የሚያወሩት በሥራ ቋንቋቸው ነው፤ ተመልካቹ ይግባው ብሎ የሚያብራራ የለም። ቀለል ያለ ነገር ለጠየቀች ልጅ ይሄን ማዘዝ፣ ውሃ ጠማኝ ላለ ሰው የጉድጓድ መቆፈሪያ እንደማቀበል ነው።

ልጅቷ ጨዋ ናት። «እሺ፣ ሌላስ?» አለች። ይቺ «ሌላስ» ናት ያጠፋችን።

«ዲስትሪክት 9» አላት። «እሱም በትንሽ በጀት ነው የተሠራው።»

ተነሳሁ። የእውነቴን ነው፣ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። 30 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም ነው! ስልኬን አውጥቼ ሂሳቡን ሠራሁት፤ 4,285 ፕራይመር አሠርቶ ለሻይ ይተርፋል። «ትንሽ የምትለው ከምን አንጻር ነው?» ስለው «በዚያው በ2009 ከወጣው ከአቫታር አንጻር» አለኝ። የአቫታር ወጪ 237 ሚሊዮን ነው። በዚህ አያያዝ እኔም ከዝሆን አንጻር ቀጭን ነኝ።

ከዚያ ሙን የሚባለው ፊልም መጣ። 5 ሚሊዮን ዶላር። ትንሽ ነው ወይስ አይደለም? ጨረቃ ላይ ብቻውን የሚሠራ ሰው ታሪክ ነው፤ አንድ ተዋናይ ከሞላ ጎደል ብቻውን ተሸክሞት ይወጣል። እኔ «ትንሽ አይደለም» አልኩ፣ እሱ «ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ እሱ «አይደለም» ሲል እኔ «ነው» አልኩ። መቼና ለምን እንደተቀያየርን እስካሁን አልገባኝም።

በገንዘቡ ነገር የማመርረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚለውን ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ግራ ይገባዋል፤ ችግረኛ ቅቤ ከየት አባቱ አመጣ ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። የተለመደው ማባያ ሲያልቅ ሰው ለሌላ ቀን ያስቀመጣትን ቅቤ ያወጣል። ሳይወድ በግዱ ይጣፍጥለታል። ወዳጄ በዚህም አይስማማም፤ ተረቱ የተተረተው ስለ ስስታም ነው ባይ ነው። ስለ ስስታም! ስስታም ቢሆን ቅቤዋን ነክቷት ነው? እሷን ለሃያ ደቂቃ ስናገላብጥ ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

እኔ ግን አሁንም እላለሁ፣ ለእነዚህ ፊልሞች የተተረተ ተረት ቢኖር ይሄ ነው። ኪዩብን ውሰዱ፤ 1997፣ ካናዳ። ሰዎች ማለቂያ በሌለው የክፍል ክምር ውስጥ ይነቃሉ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሾለኩ መውጫ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዱ ክፍል ወጥመድ አለው። በታሪኩ ክፍሎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ቀረጻው ግን በአብዛኛው የተካሄደው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የግድግዳውን ቀለም እየለዋወጡ ሌላ ክፍል አስመሰሏት። ሰው ሲንጠለጠልበት የማይገነጠል በርም የነበራቸው አንድ ብቻ ነው። ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ወጥመዶቹን መፍራት ትቻለሁ። ያቺን በር ነው የማየው። ስንቱ ረገጣት! ስንቱ ተሳበባት! በእጄ ሽልማት ቢኖር ለእሷ ነበር የምሰጠው።

የክሪስ ማርከር ላ ጄቴስ? በ1962 የወጣ፣ 28 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ነው። የተሠራው ከሞላ ጎደል በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶ ይመጣል፣ ተራኪው ያወራል፣ ሌላ ፎቶ ይመጣል። ከጦርነት የተረፈ አንድ እስረኛ በልጅነት ትዝታው ተመርቶ ወደ ኋላ ይላካል። እዚያ የሚወዳት ሴት ተኝታለች። ፎቶ ናት። ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ፎቶ። ድንገት ዓይኗን ትገልጣለች፤ እርግብ ታደርገዋለች። በፊልሙ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ይሄ ብቻ ነው። ስንት ሚሊዮን የፈሰሰበት ፍንዳታ ከመቀመጫዬ ሳይነቀንቀኝ ያቺ ዓይን አስደነገጠችኝ። ይሄን ስናገር ወዳጄ «እሱ ፊልም አይደለም፣ አልበም ነው» አለ። መልስ አልሰጠሁትም። አንዳንድ ነገር በዝምታ ነው የሚታለፈው። (ከዚያ ለሩብ ሰዓት መልስ ሰጠሁት።)

ይኼኔ እሱ ኮሂረንስን አመጣብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አመጣጥ ነው። በ2013 የወጣ፣ በአዘጋጁ በራሱ ቤት፣ በአምስት ሌሊት የተቀረጸ። ተዋንያኑ ሙሉ ስክሪፕት አልተሰጣቸውም። እያንዳንዱ የራሱን ማስታወሻ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ሌላው ምን ሊል እንደሆነ አያውቅም። እራት ላይ ናቸው፣ ጅራታም ኮከብ ያልፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ከዚያ ነገሩ ይበላሻል። ፊታቸው ላይ የምናየው ግራ መጋባት የእውነት ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ሁላችንም የየራሳችንን ወረቀት ይዘን አንድ ፊልም ውስጥ የገባን ነው የምንመስለው። መብራቱ ብቻ ነው ያልጠፋው።

በነገራችን ላይ ችግር ሁሉ ቅቤ አያወጣም። ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ አለላችሁ። ኤድ ዉድ የተባለው አዘጋጅ በእጁ የተዋናዩ የቤላ ሉጎሲ ጥቂት ምስሎች ነበሩት። ሉጎሲ በ1956 ሞተ። ቀሪውን ማን ይጫወት? የአዘጋጁ ሚስት የጀርባ ወጌሻ! ሰውየው ሉጎሲን በቁመት ይበልጠዋል፣ በመልክም አይመስለውም። መላ ተገኘ፤ ካባውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ይዙር ተባለ። ዞረ። ወዳጄ ይሄም የግድ ነው ይላል፤ ለመሳቅ። እኔ ደስ አይለኝም። ሳቁ ሳይሆን የሳቂዎቹ ኩራት ነው የማይጥመኝ። ሰውየው ያለውን ይዞ ሠራ፤ አንተ ምን ሠራህ? ወጌሻው እንኳ ስንዝር ሠርቷል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «የግድ» የምትለዋ ቃል ናት። የግድ የሚባለው ግብር ነው። የግድ የሚባለው ጥርስ መነቀል ነው። ቀን ሙሉ በሥራ የተንገላታች ልጅ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ፊልም ማየት መቼ ነው ግዴታ የሆነባት? ማንስ ፈረደባት? ደግሞ ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎችን አጥንቻቸዋለሁ። አንድ ፊልም የግድ የሚሆነው አንተ እስካላየኸው ድረስ ነው። «አይቼዋለሁ» ካልክ ፊታቸው ይጠወልጋል።

ማስረጃ አለኝ። ወዳጄ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ዘ ማን ፍሮም ኧርዝን ከዝርዝሩ አናት ላይ አስቀመጠው። በ2007 የወጣ ነው። አንድ ሳሎን፣ ጥቂት መምህራን፣ 14,000 ዓመት ኖሬያለሁ የሚል አንድ ባልደረባቸው፤ ሌላ ምንም የለም፣ ወሬ ብቻ። ደራሲው ጄሮም ቢክስቢ ጽሑፉን የጨረሰው በ1998 በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ነው። ፊልሙ ያለ ክፍያ ከሰው ሰው እየተቀዳ ሲዛመት ፕሮዲውሰሩ ላሰራጩት ሰዎች ምስጋና እስከ መጻፍ ደርሷል። (ፍላሼን ያስታወሰኝ ይሄ ነው። እሱስ መስጠቱን ሰጠ፣ ምስጋናም አቀረበ። እኔ ምስጋናውን ማን ያቅርብልኝ?)

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ አይቼዋለሁ» አለች የእህቴ ልጅ ከስልኳ ቀና ብላ። «በጣም ደስ ይላል።»

ወዳጄ ዝም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱማ» አለ፣ «ለጀማሪ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኖናል። ፕራይመርን የግድ ሁለቴ ማየት ይቻል ነበር።

«የሚያስቅስ የለም?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ደክሟል። ያኔ ዳርክ ስታር ትዝ አለኝ፤ ከመጀመሪያው ማለት የነበረብኝም እሱን ነበር። ጆን ካርፔንተርና ዳን ኦባነን ተማሪ ሳሉ ጀምረውት በ1974 የወጣ፣ 60,000 ዶላር ገደማ የፈጀ ፊልም ነው። መንኮራኩር ውስጥ የተሰላቹ ሰዎች አሉ። የሚያሳድዱት የጠፈር ፍጡር ደግሞ ኳስ ነው። ባሕር ዳር ልጆች የሚጫወቱበት፣ በአየር የሚነፋው ትልቁ ኳስ፤ ከሥሩ እግር ተለጥፎለት። ሌላ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውማ! ኦባነን ያን መንኮራኩር ውስጥ የሚሽሎከለክ ፍጡር አልተወውም። ኋላ ኤሊየን የሚባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ሲጽፈው፣ በ1979 ማለት ነው፣ የሳቀ ሰው አልነበረም።

የሚናገር ቦምብም አለ። እንዳይፈነዳ በፍልስፍና ሊያግባቡት ይሞክራሉ። ቦምቡ ያዳምጣል። እስቲ ላስብበት ይላል። እስቲ ላስብበት! እኔ ይሄን ቃል ከወዳጄ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

«ኳሱ ያለበትን ክፈትልኝ» አለች።

«እሱ ኮሜዲ ነው እንጂ ሳይፋይ አይባልም» አለ ወዳጄ፤ ግን ወንበሩን ትቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተመቻቸ። መብራት አጠፋን። ፊልሙ ተጀመረ። ኳሱ በእግሩ ዱብ ዱብ እያለ ሲመጣ ልጅቷ ትራሱን አቅፋ ፍርፍር አለች። እኔም ሳቅሁ። ሦስተኛ ሳቅ ግን አልሰማሁም።

«ጋሼ ተኙ እንዴ? ልቀስቅሳቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ተዪው» አልኳት። «ድምፁን ጨምሪው።»