ለቀስተኛ አይጥፋ

እንደኛ አገር ለደራሲ የሚያለቅስ ሕዝብ ከየት ይገኛል? ከደራሲው የሚጠበቀው መሞት ብቻ ነው።

የለቀስተኛችንን የቋንቋ ችሎታ እዩልኝ። ሰውዬውን በቁሙ «ባለጌ» ሲለው የኖረ ሰው በቀብሩ ዕለት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣና «ግልጽ ሰው ነበር» ይላል። «እብድ» ያለው «ከዘመኑ የቀደመ» ይሆናል፤ «ሰካራም» ያለው «ኑሮን አጣጥሞ ያለፈ»። «አገር አዋራጅ» ብሎ ፊርማ ያሰባሰበበትን ደግሞ፣ ሳግ እየተናነቀው፣ «እውነትን የማይፈራ ብርቅዬ ልጃችን» ይለዋል። የተጣለ ስድብ የለም፤ ሁሉም ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለቀብር ይደርሳል።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ ይኸው ደግነታችን አልተለየውም። በወጣትነቱ የጻፈው ልብ ወለድ ሳንሱር አላሳልፍ ብሎት አሥርት ዓመታት ሳይታተም ከርሟል። መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኖ ያነበበው ሁሉ ያን ሰሞን «ጋሼ» እያለ ደረቱን መታ። (የሸፈነበትን ጋዜጣ ግን እስካሁን አላነሳውም።)

ያስቀየመን በዓሉ ግርማ ነው። በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በ1976 የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። እንግዲህ ጉንጉን አበባችንን የት እናስቀምጥ? የሕይወት ታሪኩን በድምፅ ማጉያ የት ቆመን እናንብብ? ለቀስተኛን እንዲህ ማንገላታት ነውር ነው።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? የሞተ ደራሲማ ብዕሩም ይረዝማል። ባለፈው አንድ ቀብር ላይ አጠገቤ የቆሙ ጋሼ የሟቹን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው አዟሪ መግዛታቸው ነው፤ አዟሪውም የዕለቱን ሁኔታ አይቶ ዋጋ ጨምሯል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ያቺ ያነጋገረችው ይቺ ናት አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኛን የሚሰድብበት ገጽ ስንት ላይ ነው?»

ነገርኳቸው። ገጹን አጥፈው ምልክት አደረጉበትና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ሰው ከእንግዲህ አይወለድም» አሉ። እውነትም ከልባቸው ነበር፤ መሐረባቸው ርሷል።

አፈሩ ተመልሶ ወደ በሩ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «አንተ ልጅ፣ ያን ባለፈው የጻፍከውን አይቼዋለሁ። ብልግና ነው። ተው!»

እጅ ነስቼ አመሰገንኳቸው። ቀብሬ ላይ ምን እንደሚሉልኝ ከወዲሁ አወቅሁ።