የቶምን ምሽት ማን ይደግሳል?

ሰሞኑን በቴሌግራም የልደት ጥሪ ደረሰኝ። ደጋሹ የዘመድ ልጅ ነው፤ 30 ዓመት ሊሞላው ነው። ጥቁር መደብ ላይ በወርቃማ ፊደል «የጋትስቢ ምሽት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ጥቁርና ወርቃማ ያልለበሰ አይገባም» የሚል ትእዛዝ አለ። ጥቁሩስ ለለቅሶ የማስቀምጠው አለኝ፤ ወርቃማውን ከየት አባቴ ላምጣው? ድሮ የተጠራ ሰው ሆዱን ይዞ ነበር የሚሄደው።

ደወልኩለት። «ለመሆኑ ስለ ጋትስቢ የሚያወራውን መጽሐፍ አንብበኸዋል?»

«ፊልሙን አይቼዋለሁ ጋሼ። ግማሹን።»

ግማሹን! ድግሱ ያለበትን ግማሽ መሆኑ ነው። ሻምፓኙ ሲከፈት አይቶ፣ ሰውዬው መዋኛ ገንዳው ውስጥ በጥይት ሳይመታ አጥፍቶታል።

ስኮት ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመው «ታላቁ ጋትስቢ» የሁለት ወንዶች ፉክክር ነው፤ ያውም ፍርደ ገምድል ፉክክር። ቶም ቡካነን ሀብታም ሆኖ ነው የተወለደው። ለሠርጉ ዋዜማ ለሙሽራው ለዴዚ 350,000 ዶላር የሚገመት የዕንቁ ሐብል ሰጣት። ጋትስቢ ደግሞ የሰሜን ዳኮታ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ በወታደርነቱ ዘመን ወደዳት፣ ከባሕር ማዶ ሳይመለስ ቶም አገባት። ሲመለስ ገንዘብ አግበሰበሰና ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ቤተ መንግሥት የሚያክል ግቢ ገዛ። መደገስ ጀመረ። አርብ አምስት ሣጥን ብርቱካንና ሎሚ ይገባል፤ ሰኞ ልጣጩ በጓሮ በር ይወጣል። ያ ሁሉ ጭማቂ የተጨመቀው ምናልባት ዴዚ ብቅ ብትል ተብሎ ነው። አንድ ቀን መጣች። ከባሏ ጋር። ድግሱም አልጣማትም።

«ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» የሚለው ተረት ነፍሴ ነው። (ዘንድሮ እንኳ ቅቤ በሕልምም የሚደፈር አልሆነም።) የጋትስቢ ጥፋት ከእንቅልፉ ነቅቶ ቅቤውን በእውኑ መግዛቱ ነው። ድሃ በሕልሙ ሲጠጣ የሚጠይቀው የለም፤ በእውኑ የጠጣ ዕለት ግን አገር ምድሩ «ከየት አመጣው?» ይላል።

ይቺ «ከየት አመጣው?» ታቃጥለኛለች። ጥያቄው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጋትስቢም ንጹሕ አልነበረም፤ አሜሪካ ከ1920 ጀምሮ መጠጥ መሸጥ ከልክላ ሳለ እሱ በመድኃኒት ቤት ስም አልኮል ይቸበችብ ነበር። የሚያናድደኝ የሚጠየቀው ትናንት የከበረው ብቻ መሆኑ ነው። የቶም ዘመዶች ያንን ሁሉ ከየት አመጡት? ማንም ትንፍሽ አይልም። ገንዘብ ካረጀ መታወቂያ አይጠየቅም።

ይኸው ቶም ሚስቱ ከጋትስቢ ጋር ልታመልጠው መሆኑን ያወቀ ዕለት፣ ፕላዛ ሆቴል ክፍል ውስጥ ስለ ትዳር ክብር ስብከት ጀመረ! የሰው ሚስት ውሽማ አድርጎ ኒው ዮርክ ቤት የተከራየላት፣ አፍንጫዋን በጥፊ የሰበረው ሰውዬ። ጋትስቢን በመጠጥ ነጋዴነት ሲያጋልጠው፣ ራሱ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣው ውስኪ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ቅናቱ በሚስቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንጀቱን ያሳረረው ዘር ማንዘሩ የማይታወቅ ሰው ከእሱ እኩል መቆሙ ነው፤ ያውም በሮዝ ሱፍ።

እኔም በጉብዝናዬ ወራት አንድ ቶም ነበረብኝ። የልጅቷ አክስት ቡና ጠርተውኝ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የመምህር ልጅ መሆኔን ተናገርኩ። «መምህርነትማ የተከበረ ሙያ ነው» አሉ፤ አሉና አቦሉን ሰጥተውኝ ቶናው ሳይደርሰኝ ቀረ። በረካውን የጠጣው ሌላ ነው፤ የአባቱን ዲኤክስ እየነዳ የሚመጣ። መኪናዋ የአባቱ ናት እንጂ የእሱ አይደለችም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሱም ከየት እንዳመጣት አልተጠየቀ! ዛሬም ዲኤክስ ሲበላሽ ሳይ አልገፋም።

ወደ ጋትስቢ ልመለስ። ውሸቱን፣ አልኮሉን፣ የሰው ሚስት መመኘቱን ሁሉ ይቅር እላለሁ። እድር አለመግባቱን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። በጋውን ሙሉ ግቢውን ሞልቶ ሲበላና ሲጠጣ የከረመ ሕዝብ፣ በቀብሩ ቀን የት ገባ? የተገኙት አባቱ፣ ጎረቤቱ ኒክ፣ ጥቂት አሽከሮች፣ ፖስተኛውና አንድ መነጽራም ሰው ናቸው። ዴዚ አበባ እንኳ አልላከች። ቤቱ ተዳብሎ ይኖር የነበረው እንግዳማ ደወለ፤ ለቀብር መስሏችሁ ነው? የቴኒስ ጫማዬን ረስቻለሁና ላኩልኝ ለማለት። የቴኒስ ጫማ! እኛ ሰፈር ቢሆን ድንኳኑ ሳይፈርስ እድሩ ተሰብስቦ ስሙን ይፍቀው ነበር።

ቶምና ዴዚስ? ዴዚ የጋትስቢን መኪና ስትነዳ የቶምን ውሽማ ገጭታ ገደለች። ያን ሌሊት ባልና ሚስቱ ወጥ ቤታቸው ውስጥ የቀዘቀዘ የዶሮ ጥብስና ሁለት ጠርሙስ ቢራ አስቀምጠው ይመካከሩ ነበር። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ። ከዚያ ቶም የመኪናውን ባለቤት ለሟቿ ባል ጠቆመው፣ ባል ጋትስቢን ገደለ፣ ባለትዳሮቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው ሄዱ። አለቀ።

እንግዲህ ያሸነፈው ቶም ከሆነ «የቶም ምሽት» የሚደግስ እንዴት ጠፋ? ርካሽ ነው፤ አንድ ቀዝቃዛ ዶሮ ይበቃል። ለዘመዴ ልጅ ይህን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ቶም መቼ ደግሶ ያውቃል? እሱ ተጋባዥ ነው። ጋትስቢ ቤት አምሽቶ ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ መኪና እየጠበቀ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው፣ መጠጥ ነጋዴ ነው እንዴ ይል ነበር። ለልጁ ልደት ደግሞ ደረጃው ድረስ እንኳ መጠበቅ አላስፈለገም። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ከጥሪው ሥር «ለመሆኑ የዚህ ልጅ ደሞዙ ስንት ነው?» የሚል መልእክት ገብቷል። የጻፈችው አክስቱ ናት። ቀድማ እንደምትደርስም እዚያው ላይ አስታውቃለች።