«ዛሬ አንገባም» የሚል ሰው ሳይኖር ሶፍ ዑመርን በከመነዳሪ?

ሰሞኑን አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ስልኩን እያዞረ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያሳያል። ሰዎች በተነፋ የጎማ ከመነዳሪ ላይ ተንጋለው፣ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው፣ ጫካ መሐል ባለ ዋሻ ውስጥ በወንዝ ይንሳፈፋሉ። ቦታው ቤሊዝ ነው፣ መካከለኛው አሜሪካ። ከቪዲዮው ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ ታውቁታላችሁ። «እኛ ሶፍ ዑመር አለን አይደል እንዴ? ምን ጎደለን?» ስታዲየም አካባቢ የጉዞ ቢሮ ያለው አንድ ወዳጄማ ከመነዳሪውን ከየትኛው ጎሚስታ በጅምላ እንደሚገዛ ሳይቀር አስቦ ጨርሷል።

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የጎደለንማ አለ።

የቤሊዙ ቦታ ኖሆች ቼን የሚባል ጥብቅ የቅርስ ስፍራ ነው። ጎብኚው ከመነዳሪውን ይዞ በጫካው ውስጥ በእግሩ ይጓዛል፣ ከዚያ ወንዙ ይረከበዋል። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ሳያደርጉ መግባት የለም። አስጎብኚው ከሀገሪቱ ቱሪዝም ቦርድ ፈቃድ ያወጣ መሆን አለበት። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ይዘጋል፣ አለቀ። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ብዙው ደንበኛ በትልቅ መርከብ መጥቶ ለአንድ ቀን ብቻ የሚወርድ ሰው ነው፣ ማታ መርከቡ ይሄዳል፣ ነገ ይምጣ አይባልም፣ ስለዚህ «ዛሬ አንገባም» ሲሉት ያ ገንዘብ ሄደ ማለት ነው። እዚያው አገር አክቱን ቱኒቺል ሙክናል በሚባለው ሌላ ዋሻ፣ አንድ ቱሪስት ካሜራ ጥሎ ጥንታዊ የራስ ቅል ስለሰበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ካሜራ ይዞ መግባት ተከልክሏል። እኛ ጋ ቢሆን «ዛሬን ብቻ፣ ከሩቅ ነው የመጡት» ብሎ የሚያማልድ አይጠፋም ነበር።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ላኦስ ያለችውን ቫንግ ቪየንግን ይመልከት። እዚያም ሰው በከመነዳሪ ይንሳፈፋል፣ ግን ወንዙ ዳር መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት ላይ ተደረደረ፣ ወጣቱ እየጠጣ ገባ፣ ከከፍታም ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ቢያንስ 27 ቱሪስት መሞቱ ተዘገበ። በ2012 መንግሥት መጥቶ መጠጥ ቤቶቹን ዘጋ። መጀመሪያ ሰው ሞተ፣ ከዚያ ደንብ ወጣ።

አሁን ወደ ሶፍ ዑመር። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ዌይብ ወንዝ በውስጡ ይፈስሳል፣ ድንጋዩን ለዘመናት እየፈለፈለ አምዶቹን የሠራው ራሱ ውሃው ነው። ችግሩ ውሃው የሚመጣው ከባሌ ተራሮች መሆኑ ነው። ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ ታች ዋሻው በር ላይ የቆመው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል። አራት ኪሎ ጠብታ ሳይወርድ፣ እንጦጦ የዘነበው ቀበናን ሲያደፈርሰው ያየ ሰው ይገባዋል። ልዩነቱ፣ ቀበና ሲሞላ ድልድዩ ላይ ቆመህ ታያለህ። ዋሻ ውስጥ ግን ከላይህ ጣሪያ፣ ከግራ ቀኝህ ግድግዳ ነው፣ የምትወጣበትን ደግሞ መሪህ ካላወቀው ማንም አያውቀውም። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ ላንጋኖ ሄደን እስከ ጉልበታችን ገብተን ፎቶ የምንነሳ ነን። (ራሴንም ጨምሬ ነው።)

ስለዚህ ወዳጄ ዋጋ ሲያሰላ ከጎማው በፊት የሰው ሒሳብ ይያዝ። ላይ ዝናብ መዝነቡን ደውሎ የሚያሳውቅ ሰው ያስፈልጋል። ጉዞው ሲሰረዝም አስጎብኚው ሙሉ የቀን አበሉን ማግኘት አለበት። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ካልገባ የማይከፈለው ሰው፣ ውሃው ትንሽ ቢደፈርስም «ችግር የለም፣ ግቡ» ማለቱ አይቀርም፣ ልጆቹን ማብላት አለበታ። የደንበኛውም ብር መመለሱ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሌላም አለ። ሶፍ ዑመር ሰው የሚሳለምበት ቦታ ነው። የቤሊዝ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት ማያዎችም በጥንት ጊዜ ዋሻዎቻቸውን የሙታን ዓለም መግቢያ አድርገው ያከብሩ ነበር፣ ግን በሶፍ ዑመር ጉዳዩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዋሻው ስሙን ያገኘበትን የሃይማኖት አባት ሼህ ሶፍ ዑመርን እያሰበ ዛሬም ለዚያራ፣ ማለትም ለጸሎት ጉብኝት፣ የሚመጣ ሰው አለ። እሱ ሲጸልይ አጠገቡ ሙዚቃ ከፍቶ በዋና ልብስ የሚንሳፈፍ ቡድን ቢያልፍ ምን ይሰማዋል? የትኛው ክፍል ይነካ፣ የትኛው ይተው፣ በየትኛው ቀን ጭራሽ አይገባ የሚለውን መወሰን ያለባቸው እዚያው ያሉት ሰዎች ናቸው። ስታዲየም ቢሮ ውስጥ ሆኖ የሚወሰን ነገር አይደለም።

አስጎብኚም ከአዲስ አበባ ጭኖ መሄድ አያስፈልግም። ወንዙን ጎብኚ እየመሩ በእግራቸው የሚሻገሩት የአካባቢው ልጆች ናቸው። እነሱ ዋናና የነፍስ አድን ሥልጠና ያግኙ፣ ውሃው በሚጎድልበት ወቅት ያለ ደንበኛ ደጋግመው ይሞክሩት፣ የማያዋጣ ሆኖ ካገኙትም «አይሆንም» ይበሉና ይቅር። በእግር ማየቱ እንደሆነ አሁንም አለ።