«የቀረው ሜዳ ነው»

የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ሰሞኑን በቴሌቪዥን ቀርበው አዲስ አገልግሎት አስተዋውቀዋል። በእግር ስምንት ቀን የሚፈጅ የገጠር መንገድ በሁለት ቀን «ያልቃል» አሉን። ተጓዡ በመኪና እየተወሰደ ገደሉን፣ ፏፏቴውንና የተራራውን አናት ብቻ ይረግጣል። ስለ ተዘለለው ሲጠየቁ «የቀረው ሜዳ ነው» ብለው መለሱ፤ አቅራቢውም ሳቀላቸው። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ማስረጃ ብለው ያመጡት ደግሞ ይባስ። ስፔን ውስጥ ወዳለችው የካቶሊኮች መሳለሚያ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚሄዱ ተሳላሚዎች 100 ኪሎ ሜትር በእግር ከተጓዙ የምስክር ወረቀት ስለሚሰጣቸው «ቤተ ክርስቲያኗም ማሳጠርን ተቀብላለች» ይላሉ። ምን ዓይነት አነባበብ ነው? ደንቡ ከዚህ ያነሰ የሄደ አይሰጠውም አለ እንጂ ከዚህ በላይ አትልፉ አላለም። ያንን 100 ኪሎ ሜትር በመኪና እየዘለለ የደረሰም ወረቀቱን አያገኝም። ርቀቱ ራሱ ለብዙው ሰው አራት አምስት ቀን ይፈጃል። ሰውየው ለመከላከያ የጠሩት ምስክር እሳቸው ከሚሸጡት ጉዞ ቢያንስ በእጥፍ ይረዝማል ማለት ነው።

ለመሆኑ ሁለቱ ቀን የትኞቹ ናቸው? ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ክፉኛ የሚጎዳውም ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ ታፋ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት መግታት አለበትና። ከዚያ በኋላ ያው ጡንቻ ይለምዳል፤ ያው ቁልቁለት ቢደገም ያን ያህል አያምም። እንግዲህ ከመኪና አውርደው ተራራ አናት አውጥተው፣ ቁልቁል አስወርደው በሁለተኛው ቀን ማታ የሚያሰናብቱት ደንበኛ ምን ይዞ ይገባል? ሕመሙን ከፍሎ፣ ሕመሙ የሚገዛውን ነገር ሳይረከብ ነው የሚሄደው። አራተኛውን ቀን አያውቀውም። በአራተኛው ቀን እጅ ሳይታዘዝ የጀርባ ሻንጣውን ሸክም ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርዳል። ካልሲ ውስጥ የገባች አሸዋ «ስናርፍ አራግፋታለሁ» አትባልም፤ ተረከዙን ውኃ ያስቋጠረችው እሷው መሆኗ ታውቋል። ሜዳውም የሚታየው ያኔ ነው። ተራራው ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት ተገትሮ ግማሽ ቀን ሙሉ አልቀርብ ይላል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆይቶ ቀና ሲል በግራው በኩል አልፎታል። ይህንን ያላየ ሰው ተራራውን ወጣ እንጂ ወደ ተራራው አልሄደም። ሜዳው ከተዘለለ መንገዱ አጠረ አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው።

«ለአረጋውያን አስበን ነው» የሚለውንማ ባይሉት ይሻላቸው ነበር። አሜሪካዊቷ ኤማ ጌትዉድ እ.ኤ.አ. በ1955 በአገራቸው ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻቸውን ከዳር እስከ ዳር ሲጨርሱ 67 ዓመታቸው ነበር፤ ያውም በሸራ ጫማ፣ ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት አንግተው። ጉልበቱ የታመመ በመኪና ይሂድ፣ ማንም አይከለክለውም። አረጋውያንን መደበቂያ ማድረግ ግን ነውር ነው።

ሜዳ ሜዳ ለሚሉን ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1932 በእንግሊዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ እግረኞች የአደን ባለርስቶች የዘጉትን ኪንደር ስካውት የተባለ ከፍታ ጥሰው ገቡ፤ ከግርግሩ በኋላ አምስቱ ወኅኒ ወረዱ። የታሰሩለት ቦታ ሹል ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ አናቱ የተንጣለለ ጥቁር ረግረግ ነው። የእኛ ሰውዬ ቢያዩት «የቀረው» ብለው የሚያልፉት ዓይነት መሬት! 431 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የፔናይን የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲከፈት መነሻው የሆነውም ከዚያው ግርጌ ያለችው ኢዴል መንደር ናት።

ገንዘቡስ ማን ኪስ ይገባል? ስምንት ቀን የሚሄድ ሰው በየመንደሩ ያድራል፣ ይበላል፣ ጫማውን ያሰፋል። እነዚህ መንደሮች የሚገኙት ደግሞ በተናቀው ሜዳ ላይ ነው፤ መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ያልፋል። ሰውየው ይህንን አያውቁም ብዬ አላምንም። ጉብኝታቸውን ይሽጡ፣ መብታቸው ነው። የመንገዱን ስም ግን ከማስታወቂያቸው ላይ ያንሱ።