ስንት ያነሳል ነው ያልኩት!

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ይሄ ትራክተር ስንት ያነሳል? በቃ። ቀለሙን አልጠየቅኩም። ወንበሩ ይመቻል ወይ አላልኩም። ስንት ፓውንድ፣ እስከ ምን ከፍታ? ለዚህች ጥያቄ ቀጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሻጭ በቨርጂኒያ ምድር ጠፋ!

ነገሩን ለማታውቁት፦ እንደ ብዙው የዲሲ አካባቢ አበሻ እኛም የአሌክሳንድሪያ ኪራይ ሲያንገሸግሸን ወደ ገጠሩ ወጣን። 5 ኤከር። በአገር ቤት ሂሳብ ስምንት ጥማድ ገደማ መሆኑ ነው። ሲያዩት ያምራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሳሩ ሲነሳ ግን አያድርስ ነው። መግቢያው ጠጠር ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጠጠሩ ወደ ቦይ ይሄድና ቀዩ ጭቃ ይቀራል። ክረምት ላይ ቤት ለሚያሞቀው ምድጃ የሚሆነው የእንጨት ፔሌት (የተጠቀጠቀ ሰጋቱራ ነው) በትልቅ መኪና ይመጣል፤ ሹፌሩ መንገድ ዳር አራግፎት ይሄዳል። ስለዚህ ትንሽ ትራክተር የግድ ሆነ። "ሰብኮምፓክት" የሚሉት፣ ከሁሉም ትንሹ፣ ፊቱ ላይ ሎደር (ባልዲ ወይም ሹካ ይዞ እቃ የሚያነሳው ክንድ)፣ ሆዱ ስር ሳር ማጨጃ የሚገጠምለት።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የፈረስ ጉልበቱን ነው። "24!" ይላል፣ ፈረሶቹን ራሱ ያረባቸው ይመስል። አጠገቡ የቆመውም 24 ምናምን። ከማዶ ያለውም እንደዚያው። አብዛኞቹ 25 አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ለምን? የአሜሪካ የጭስ ደንብ 25 ላይ ሲደርስ ስለሚጠብቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የጥቀርሻ ማጣሪያ ይጨመርበታል፤ ማጣሪያው ደግሞ ዋጋም አለው፣ ጣጣም አለው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ከመስመሯ በታች ተጠጋግተው ይሰለፋሉ። እንግዲህ በፈረስ ጉልበት ምኑን ከምኑ አወዳድራለሁ? ያውም ጉልበቱ ሁሉ ስራው ላይ አይደርስም። ኩቦታ ቢኤክስ2380 ሞተሩ 21.6 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከኋላ ማጨጃ ወይም መቆፈሪያ በሚያሽከረክረው ዘንግ የሚወጣው ግን 17.7 ነው። አልደበቁትም፣ ተጽፏል። ማንም አይነግራችሁም እንጂ።

የማንሳቱ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ጊዜ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው ባልዲው ከሎደሩ ክንድ ጋር በሚያያዝበት ፒን ላይ ነው። ፒን ላይ ማን እቃ ይጭናል? እቃው የሚቀመጠው ከፒኑ ወዲያ፣ ባልዲው ውስጥ ወይም ሹካው ላይ ነው። ወደፊት በራቀ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ከፒኑ 500 ሚሊሜትር ወደፊት ሲለካ ብለው ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ቁጥር የሚያወጡት። ሹካው ራሱም ክብደት አለው፤ እሱም ይቀነሳል።

የኔ ፔሌት የሚመጣው ፓሌት በሚሉት የእንጨት መደብ ላይ ተደርድሮ ነው፤ አንዱ ፓሌት 50 ከረጢት ነው፣ እያንዳንዱ 40 ፓውንድ። 2,000 ፓውንድ! በዚህ መጠን ያሉት ትራክተሮች ብዙዎቹ 1,000ም አይሞሉም። ይሄንን ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሻጩን ግን በአፉ እንዲለው ፈለግኩ።

"ያነሳል?"

"ምን ችግር አለው፣ ጎበዝ ማሽን ነው።"

"2,000 ፓውንድ?"

"በወር ስንት ብንከፋፍልልህ ይመችሃል?"

ማሽኑ ስንት እንደሚያነሳ ሳይነግረኝ እኔ በወር ስንት እንደማነሳ ጠየቀኝ!

እሺ፣ ገንዘቡንም እንይ። "ዜሮ ፐርሰንት ወለድ፣ 84 ወር" የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፈዋል። ደስ ይላል። በካሽ ልክፈል ስትሉ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ታዲያ በብድር ስወስድ የሚቀርብኝ ያ ቅናሽ ወለድ ካልሆነ ምንድን ነው? ከሎደሩ ጋር 20 ሺህ ዶላር አካባቢ የተባለው ማሽን ደግሞ ማጨጃው ለብቻ፣ ሹካው ለብቻ፣ ጠጠር መደልደያው ለብቻ ነው። ባለቤቴ ሂሳቡን አይታ "በዚህ ብር ሰው እየጠራህ ብታሳጭድስ?" አለች። እኔም መልስ አላጣሁም፤ ሂሳቡ ግን እሷ ጋ ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ ክብደት የሚባለው ነገር ሳይነሳ ማለፉ ነው። ባልዲው ፊት ላይ ከበድ ያለ ነገር ሲይዝ ኋላው ይቀላል። የብዙዎቹ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው። ቁልቁለት ላይ ኋላው ብድግ ካለ ፍሬን የላችሁም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እርሻ ላይ ሰው ከሚገድሉት ነገሮች ቀዳሚው የትራክተር መገልበጥ ነው። የኔ ግቢ ደግሞ ግማሹ ተዳፋት ነው። ስለዚህ ኋላ ላይ ክብደት ማሰር ወይም ጎማውን ፈሳሽ መሙላት ግዴታ ነው። (ከሚሞሉት አንዱ የስኳር ቀይ ስር ጭማቂ መሆኑን ስሰማ ሳቄ መጣ። አይቀዘቅዝም፣ ቸርኬውንም አያዝግም አሉ። ለጎማ ጭማቂ!) ይሄን ሁሉ ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት። ሻጩ የኩባያ ማስቀመጫውን ነው ያሳየኝ።

በዚህ ላይ መካሪው በዝቷል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር "ትልቁን ግዛ፣ ይቆጭሃል" ይሉኛል። ትልቁን ማን ይክፈልልኝ? እርጥብ ሳር ላይ ቦይ እያወጣ ሲሄድስ? አርሲ ያለው አጎቴ ደግሞ ወሬው ደርሶት ደወለ።

"ስንት ሄክታር ልታርስ ነው?"

"ሁለት ነው ጋሼ፤ ግን አላርስም፣ ሳር ላጭድበት ነው።"

"ከብት ስንት አለህ?"

"የለኝም።"

"እና ሳሩን ማን ይበላዋል?"

ምን ልበለው! "ለማንኛውም ማሲ ፈርጉሰን ይሁን" ብሎ ዘጋው። ትንሹን ማሲ የሚሰራው የጃፓኑ ኢሴኪ ነው ብዬ ልቡን አልሰበርኩትም። የአሜሪካው ጆን ዲር 1025አር ሞተርም የጃፓኑ ያንማር ነው። ስለ ስሙ የሚከራከር ካለ እዚያው ይከራከር፤ እኔ ክብደት ላይ ነኝ።

ስለዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ እቺን ትንሿን ትራክተር የገዛችሁ፦ ሞዴሉን፣ ሹካ ገጥማችሁ በርግጥ ያነሳችሁትን ክብደት፣ ኋላው ላይ ምን እንዳሰራችሁ ጻፉልኝ። ፓሌቱን ለሁለት ለሶስት ከፍላችሁ የምታነሱም ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። "ጎበዝ ማሽን ነው" ልትሉ የመጣችሁ ግን እባካችሁ እለፉኝ።