ከኤልብሩስ በኋላ ያለው ታሪክ ቀርቷል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጋው የጀርመን የተራራ እግረኛ ጦር ያወጣችሁት ጽሑፍ ጦሩን ከኖርዌይዋ ናርቪክ እስከ ካውካሰስ ተራሮች በጥሩ ሁኔታ አስቃኝቶናል፤ በተለይ ወታደሮቹ መድፋቸውን እየፈታቱ በበቅሎ ጭነው ዳገት የሚወጡበትን ብልሃት የገለጸበት ክፍል ግሩም ነው። ይሁንና ትረካው እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1942 በካውካሰስ በሚገኘው በ5,642 ሜትሩ የኤልብሩስ ተራራ ጫፍ ላይ የጀርመን ባንዲራ ሲተከል ማብቃቱ ቅር አሰኝቶኛል። ለነገሩ ያ ተራራ መውጣት ለጦርነቱ አንዳች አልፈየደም፤ ሂትለር ራሱ ወሬውን ሲሰማ በንዴት ጦፎ ነበር።

ተራራውን ከወጡት ወታደሮች ብዙዎቹ የተመለመሉበት 1ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪክ ገባ። ኦገስት 16 ቀን 1943 ንጋት ላይ የክፍለ ጦሩ ወታደሮች በአርታ አቅራቢያ የምትገኘውን ኮሜኖን ከብበው 317 ነዋሪዎችን ፈጁ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ሴቶች ነበሩ። ኮሜኖ፣ ልብ በሉ፣ ተራራ ላይ ሳይሆን ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ዋዜማው ግሪኮች የእመቤታችንን የፍልሰታ በዓል ያከበሩበት ዕለት ሲሆን፣ በመንደሩ ሰርግ ስለነበረ ገና ያልተበተኑት ታዳሚዎች እዚያው ሰርግ ቤት አለቁ። ከተረፉት ብዙዎቹ የአራክቶስን ወንዝ ተሻግረው ያመለጡ ናቸው።

በቀጣዩ ወር ደግሞ በግሪኳ ኬፋሎኒያ ደሴት እጃቸውን የሰጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢጣሊያ ወታደሮች በጀርመኖች ተረሸኑ። ክፍለ ጦሩ የተመደበበት ኮር (የበርካታ ክፍለ ጦሮች ስብስብ) አዛዥ ጄኔራል ሁበርት ላንዝ በ1948 በኑረምበርግ የጦር ወንጀል ችሎት 12 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በ1951 ተለቀቀ።